ጉልበት አሥር፣ ሽሽት በነፃ

ሰው ዋጋውን በቁጥር ተጽፎ ባያየው ይሻለዋል። እኔ አይቼዋለሁ፤ አሥር ነው። ከመቶ አሥር ቢሆን በትምህርት ቤት የለመድኩት ስለሆነ ብዙም አይከፋኝም ነበር። የኔው ግን ከሁለት መቶ ነው። የጋሽ ታደሰ ፍየል ሃያ ናት። አንድ ዐይኑ የጠፋው፣ አራተኛ እግሩን መሬት የማያስነካው የሰፈራችን ውሻ ቡቺ ሠላሳ ነው። እኔ የሁለት ልጆች አባት፣ ቃሊቲ የከባድ መኪና ሚዛን ላይ ቆሜ ስንቱን ተሳቢ "ከልክ በላይ ጭነሃል" ብዬ የመለስኩ ሰው፣ አሥር ነኝ።

ነገሩ እንዲገባችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ልውሰዳችሁ። ያደግነው አቃቂ፣ በባቡር ሀዲዱና በክር ፋብሪካው አጥር መካከል በተሰነቀረች ሰፈር ነው። ሰዓት የሚያስፈልገው ሰው አልነበረም። ጠዋት ባቡሩ ይቀሰቅሰናል፤ ከሰዓት በኋላ የፋብሪካው ጡሩምባ ሲነፋ ደግሞ እናቶቻችን የጥጥ ብናኝ ፀጉራቸው ላይ እንዳለ ከበሩ ይወጣሉ፣ እኛም የሰበርነውን ለመደበቅ እንሯሯጣለን። ዛሬ ያ ባቡር የለም፣ ሰፈሩም እንደ ድሮው አይደለም፣ አብዛኞቻችን ገላን ኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶልን በየፎቁ ተሰቅለናል። አንዳንዴ ከሥራ ስመለስ በዚያ በኩል አልፋለሁ፤ ምን ፍለጋ እንደምሄድ ግን ራሴም አላውቀውም።

በዚያ ዘመን ከሰፈሩ ልጆች ለአንዱ ከውጭ አገር አጎቱ አንድ እሽግ ካርድ ላከለት። በየካርዱ ላይ እሳት የሚተፋ፣ ክንፍ ያለው፣ ጭራው የሚያበራ ጉድ ተስሏል። ከላይ የጉልበቱ ቁጥር፣ ከሥር ደግሞ በደቃቅ እንግሊዝኛ ምን ማድረግ እንደሚችል ተጽፏል። ልጁ ካርዱን አያስነካንም፤ በሩቁ እያሳየ ያስጎመጀናል። ይሄኔ ነው ሙሌ፣ ማለትም ሙሉጌታ፣ የልብ ጓደኛዬ፣ ያንን የማይረሳ ንግግሩን የተናገረው።

"ጭራቅ እኛ ሰፈር ጠፋ እንዴ?" አለ።

እናቱ እትዬ አስካለ ፈታይ ክፍል ይሠሩ ስለነበር ቤታቸው የክር ካርቶን አይጠፋም። ሙሌ ካርቶኑን በመቀስ ቆራረጠና በእስክሪብቶ ሰፈሩን በሙሉ ሣለው። ልጁን፣ አዋቂውን፣ ውሻውን፣ ፍየሏን አልማረም። ለሁሉም ጉልበትና ምት ሰጠው። ሕጉንም ራሱ አወጣ። ካርዶቹ የተደረደሩበት ክምር "ቤት" ይባላል፤ ከዚያ እየመዘዝክ "ሜዳ" ላይ ታወጣለህ፤ ሜዳ ላይ ካርድ ካርድን ይመታል፤ ጉልበቱ ያለቀበት "ጤና ጣቢያ" ይገባል። የተጎዳውን ካርድህን ከሜዳ ማሸሽ ከፈለግህ ሌሎች ካርዶችህን ትከፍላለህ። ትልልቅ ሰዎች ደግሞ ከሁሉም የበለጠ ጉልበት አላቸው፣ ግን እንደ እውነተኛው ኑሮ ልጆች ሲጣሉ ዝም ብለው አይወጡም። እጅህ ላይ ቢሆኑም ካልተጠሩ ቤት እንዳሉ ነው የሚቆጠረው።

ይኼን ሁሉ ረስቼው ነበር። የሰፈሩ ልጆች፣ ልጆች ስል ሪዛችንና ራሳችን የሸበተውን ማለቴ ነው፣ በዓመት አንድ እሑድ ገላን ኮሙናል በምንለው የጋራ ቤት ተሰብስበን በግ አርደን እንውላለን። ለዘንድሮው ዝግጅት በተጠራው ስብሰባ ላይ ሙሌ አንድ ካርቶን ተሸክሞ መጣ። ሳሪስ የማስታወቂያና የሠርግ ጥሪ ማተሚያ ቤት አለው። ያንን የድሮ ካርድ አንድ በአንድ ፎቶ አንሥቶ በሚያብረቀርቅ ወረቀት አትሞታል። እንደ ልጅነታችን ጥንድ ጥንድ ሆነን ብንወዳደርስ አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሁሉም ራሱን ፍለጋ ገባ። በላይነህ፣ ያኔ የሰፈሩ ጉልቤ የነበረው፣ ዘጠና ሆኖ ተገኘና ወገቡን ይዞ እስኪያቃስት ተንጎራደደ። እኔም ራሴን አገኘሁ።

ሥዕሉ ጆሮው የተገነጠለ የሚመስል ቀጭን ልጅ፣ ወደ ኋላው እያየ ሲሮጥ ያሳያል። ጉልበት አሥር። ምት አምስት። ሽሽት በነፃ። ልብ በሉ፣ በሰፈሩ ካለው ሰውና እንስሳ ሁሉ ለመሸሽ ምንም የማይከፍለው እኔ ብቻ ነኝ። ለፈሪ ሜዳ አይነሡም ይባላል፤ ሙሌ ሜዳውን በጽሑፍ አጽድቆልኛል። ከሥር ደግሞ አንድ መስመር ደቃቅ ጽሑፍ ነበረው። ዐይኔ ደቃቅ ጽሑፍ ካስቸገረው ቆይቷል፣ መነጽሬም ቤት ቀርቷል። ቁጥሩ ግን ያለ መነጽር ይነበባል።

ቤት ወስጄ ለባለቤቴ ለጽጌ አሳየኋት። ጽጌ የሳሪስ ልጅ ናት፣ የአቃቂን ጉዳይ በገለልተኛነት ታያለች ብዬ ነው። ካርዱን አየች፣ እኔን አየች፣ መልሳ ካርዱን አየች። ከዚያ ጆሮውን አሳምሮታል ብላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ስለ ቁጥሩስ ምን ትያለሽ ብላት፣ ከሰው ተራ እስካስገባህ ድረስ ምን አነሰህ አለችኝ። ፍየሏ ከኔ እንደምትበልጥ ስነግራት ብዙም አልደነቃትም።

በማግሥቱ ሚዛን ቤቴ ቁጭ ብዬ፣ በሲሚንቶ መኪናና በብረት መኪና መካከል ባለችው ክፍት ጊዜ፣ ካርዴን በትክክል መመዘን ጀመርኩ። ሙያዬ ነው እኮ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንዳይሆንብኝ፣ አንድ ጊዜ ራሴን ልመዝን ብዬ ነው። ጠረጴዛው ላይ ራሴን ከሁሉም ጋር አንድ በአንድ አጋጠምኩ። በላይነህ በአንድ ምት ጣለኝ። ቡቺም ጣለኝ። ከፍየሏ ጋር ስንገናኝ ለአፍታ ተስፋ አድርጌ ነበር፤ እሷ አሥር ትመታለች፣ እኔ አምስት፣ የመጀመሪያውን ምት ደግሞ እኔ ወሰድኩ። አምስት ተቀነሰባት። ከዚያ መታችኝና ጤና ጣቢያ ገባሁ። ውጭ አንድ ሾፌር ጡሩምባውን እየነፋ ነበር፣ የመዘንኩለትን ኪሎ ሁለት ጊዜ አሳስቼ ጻፍኩለት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር፤ የከፋኝ ፍየሏ ስለበለጠችኝ ብቻ አይደለም። አንድ የማልወደው ትዝታ አለኝ። ከሀዲዱ ማዶ ያሉ ልጆች አንድ ቀን እኔንና ሙሌን መንገድ ላይ ያዙን። አምስት ነበሩ። ሙሌን ሲይዙት እኔ ሮጥኩ። ጓደኛዬን ትቼ መሮጤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ደረቴ ላይ እንደተቀመጠ ነው። እሱም አንሥቶብኝ አያውቅም፣ እኔም አንሥቼበት አላውቅም። ያ ሥዕል፣ ወደ ኋላ እያየ የሚሮጠው፣ ያ ቀን ነው ብዬ አሰብኩ። ይኸው፣ አልረሳውም፣ አሳትሞ በተነው አልኩ።

ሳሪስ ሄድኩ። ሙሌ ከማተሚያው ማሽን ጋር ሲታገል አገኘሁት። ጉልበቴን ከፍ አድርግልኝ አልኩት። ሳቀ። ቀልዴን እንዳልሆነ ሲያይ ሳቁን አቆመና ካርዱ ያኔ የተሠራ ነው፣ እንደነበረ ነው ያተምኩት አለ። እኔ ደግሞ ድሮ ቢያንስ ስድሳ እንደነበርኩ አስታውሳለሁ ብዬ ተከራከርኩ። በእውነት በትዝታዬ ውስጥ ስድሳ ነበርኩ፤ ትዝታ ለባለቤቱ ያደላል።

"ከሥር የተጻፈውን አንብበኸዋል?" አለኝ።

"ከላይ የተጻፈው ይበቃኛል" አልኩት።

ሊናገር አፉን ከፈተና ወደ ማሽኑ ዞረ። ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው፤ ሙሌ ከእናቱ በተቃራኒ ዝምተኛ ሰው ነው። እትዬ አስካለ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል፣ በዚያ ሁሉ ማሽን ጩኸት መካከል ሲጣሩ ከውጭ ይሰማ ነበር። ልጃቸው ግን ቃል ለማውጣት የሚያስብ ሰው ነው። እኔም ማሰቡን አልጠበቅኩለትም፣ ተነሥቼ ወጣሁ።

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ከዚህ በኋላ ያደረግኩት ነው። እንደ ማንኛውም መብቱ የተነካ ያገሬ ሰው፣ ማመልከቻ ጻፍኩ። "ለድሮ ሀዲድ ሰፈር ልጆች መተባበሪያ ማኅበር፣ ገላን። ጉዳዩ፦ የጉልበት ማስተካከያ እንዲደረግልኝ ስለመጠየቅ።" በሁለት ገጽ ከኋላ ታሪኬ ጀምሬ እስከ አሁኑ የሥራ ኃላፊነቴ ዘረዘርኩ። ግልባጭ ለአቶ ሙሉጌታ፣ ካርድ ሥራ ክፍል። የማኅበሩ ሰብሳቢ ጋሽ ታደሰ ናቸው። ዕድሜያቸውን በባቡር ጣቢያ የጨረሱ፣ ማኅተሙን በመሐረብ ቋጥረው በውስጥ ኪሳቸው የሚይዙ፣ ያለ ወረቀት ደህና አደርክ ቢሏቸው እንኳ የማይወዱ ሰው ናቸው። ማመልከቻዬን ባቡር እንደሚያሳልፍ ሰው ቀስ ብለው ከላይ እስከ ታች አነበቡና፣ ጉልበት የሚጨመርልህ ጉልበት እንዳለህ ሲመሰከር ነው፣ ምስክር አቅርብ አሉኝ።

ምስክር ያለው በላይነህ ዘንድ ነው። አንድ ቀን እንኳ ጥሎኛል ብሎ ከመሰከረልኝ ሌላ ሰው አያስፈልገኝም። ቤቱ አራተኛ ፎቅ ነው። ስደርስ ወገቡን በቀበቶ ጠፍሮ ተቀምጦ ነበር። ጉዳዬን ሰማኝና መቼ ጣልከኝ አለ። ጥዬህ አላውቅም፣ ግን ጥሎኛል ብትል ምን ይጎድልብሃል አልኩት። አሰበበት። ውሃ ፎቅ አልወጣም ብሎ ሰንብቷል፣ ታች ካለው ቧንቧ ሁለት ጀሪካን አውጣልኝ፣ ከዚያ ስለ ጉልበትህ ያየሁትን እመሰክራለሁ፣ በሐሰት ግን አልምልም አለ። ድሮ ብስኩቴን ሲቀማኝ እንዲህ ሃይማኖተኛ አልነበረም።

አንደኛውን ፎቅ እያፏጨሁ ወጣሁ። ሁለተኛውን ፎቅ ፉጨቱን ትቼ ወጣሁ። ሁለተኛና ሦስተኛ ፎቅ መካከል ላይ ጀሪካኖቹን አስቀምጬ፣ የደረጃውን ብረት ይዤ፣ ቀለሙን የምመረምር መሰልኩ። በዚህ መሐል የበላይነህ ሚስት ገነት በሁለት እጇ ሁለት ጀሪካን ይዛ ስትወጣ አገኘችኝ። ቆማ ስለ ልጆቹ ጠየቀችኝ፣ ስለ ጽጌ ጠየቀችኝ፣ ጀሪካኖቿን ግን አላስቀመጠችም። ከዚያ የሷን አድርሳ ተመለሰችና የኔንም ይዛልኝ ወጣች። እኔ ክዳኑን ያዝኩ። በላይነህ ቃሉን ጠበቀ፤ "ወንድሜ ውሃ ይዞ ወደ አራተኛ ፎቅ ሲመጣ በዐይኔ በብረቱ አይቻለሁ" ብሎ ፈረመ።

ለጋሽ ታደሰ በቂ ነበር። ኮሚቴው ተሰብስቦ ሰማንያ እንድሆን ወሰነ። መቶ ልሁን ብዬ ነበር፣ ለትልልቅ ሰዎች ክብር ሲባል አልተፈቀደም። ሙሌ በመጨረሻ እጁን አወጣ።

"ጉልበቱ ከሃምሳ በላይ የሆነ ልጅ ከሥር ያለችው መስመር ትሰረዝበታለች፤ ሕጉ ነው። እርግጠኛ ነህ?" አለኝ።

"ትሰረዝ" አልኩ።

ማኅተሙ ከመሐረቡ ወጣና ተመታ። ሙሌ በየካርዱ እሽግ ላይ የኔን አሥር የሚሸፍን፣ ከሥር ያለችውንም መስመር የሚሸፍን ተለጣፊ አትሞ አደለ። ሰማንያ። ሽሽት ሦስት ካርድ። የኔን ራሴ በጥፍሬ ዳር ዳሩን ጫን ጫን አድርጌ ለጠፍኩት። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ያሉት ለኔ ነው።

እሑድ ደረሰ። ኮሙናሉ ውስጥ ጠረጴዛ ተደርድሯል፣ በወዲያኛው ክፍል ሴቶቹ ድስት ዙሪያ ናቸው። ጋሽ ታደሰ ከዳኝነቱ በላይ የመጡበት ጉዳይ አላቸው። የራሳቸው ካርድ አለ፣ የባቡር ባርኔጣቸውን ደፍተው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ጉልበት መቶ ሃምሳ። አንድ ጊዜ ሜዳ ሲወጡ ማየት ይፈልጋሉ። ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየተዘዋወሩ ይጠብቃሉ።

አንድ ዙር አለቀ። ሁለተኛው አለቀ። ጋሽ ታደሰ አልወጡም። የማንም አባት፣ የማንም እናት አልወጣም። በየጠረጴዛው ልጅ ልጅን ይደበድባል፣ ውሻ ይነክሳል፣ ፍየል ይወጋል፣ ጤና ጣቢያው ሞልቷል፣ ትልቅ ሰው ግን የለም።

"እኔ መቼ ነው የምወጣው?" አሉ በመጨረሻ፣ ዱላቸውን ወለሉ ላይ መታ አድርገው።

ሁሉም ወደ ሙሌ ዞረ። ሙሌ ጠረጴዛውን እያየ ዘንድሮ ትልልቅ ሰዎች አይወጡም መሰለኝ አለ። ለምን ሲባል ካርዶቹን ማደል ጀመረ። እኔ በዚያን ሰዓት በሰማንያዬ ተጠምጄ ስለነበር ምኑም አልገባኝም።

እኔና ሙሌ እንደ ድሮው ጥንድ ነበርን። እንዴት ፍጻሜ እንደደረስን አትጠይቁኝ፣ ጨዋታውን የፈጠረው እሱ ነው። ፍጻሜው ከበላይነህና ከታናሽ ወንድሙ ጋር ሆነ። ሰው ሁሉ ከበበን። ጽጌም ከድስቱ ተነሥታ መጣች። የሕይወቴ ቀን ነው ብዬ ራሴን ከእጄ መርጬ፣ ከፍ አድርጌ ለሕዝብ አሳይቼ፣ ሜዳ ላይ አወጣሁት። በላይነህ ደግሞ ራሱን አወጣ። ዘጠና ነው፣ ምቱ አርባ። እኔ ሰማንያ ነኝ፣ ምቴ ግን አሁንም አምስት ነው። ማመልከቻዬ ላይ ምት የሚል ቃል አልጻፍኩም ነበር።

አንዴ መታኝ፣ አርባ ቀረኝ። ልሸሽ ብል ሦስት ካርድ መክፈል አለብኝ፣ እጃችን ላይ ያሉት ሁለት ናቸው። መታሁት፣ አምስት። ሁለተኛ መታኝና ጤና ጣቢያ ገባሁ። ሰማንያዬ ከቡቺ ጎን ተጋደመ። ሜዳ ልትወጣ የምትችል ፍየሏ ብቻ ቀረችን።

ያኔ ነው ሙሌ እጅ ላይ ያለችውን ሌላዋን ካርድ ያየሁት። እንደሌሎቹ አታብረቀርቅም። ከክር ካርቶን የተቆረጠች፣ ጠርዟ የተበላ፣ የእስክሪብቶው ቀለም የወየበ ናት። ፀጉራቸው ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለባቸው ሴት ወገባቸውን ይዘው ቆመዋል። እትዬ አስካለ። ጉልበት ሁለት መቶ።

"ለምን አታወጣቸውም?" አልኩት በሹክሹክታ።

"አልችልማ። እማዬን የምትጠራት አንተ ብቻ ነበርክ።"

አልገባኝም። ሙሌ ከዚያ በፊት በአንድ ጊዜ ያን ያህል ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። እናቱ ካረፉ በኋላ ሣጥናቸውን ሲከፍቱ፣ ይህቺ ካርድ ከፋብሪካ መታወቂያቸው ጋር በፌስታል ተጠቅልላ መገኘቷን ነገረኝ። ካርድ መጫወት አያውቁም ነበር፣ ምን ሊያደርጓት እንዳስቀመጧት አያውቅም። ማተሙም፣ ውድድሩም ከዚያ የመጣ ነው። ሰው በተሰበሰበበት፣ እንደ ድሮው ጮክ ተብሎ፣ አንድ ጊዜ ስማቸው ሲጠራ መስማት ፈልጎ ነው።

"ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?"

"ምን ብዬ? ደካማ ሁንልኝ ልበልህ?"

ካርዴን ከጤና ጣቢያ አንሥቼ ተለጣፊውን በጥፍሬ ላጥኩት። አጥብቄ ለጥፌው ስለነበር በየቁራጩ ነው የተላጠው። ከሥሩ ያለችውን መስመር ለማንበብ የጋሽ ታደሰን መነጽር ከአፍንጫቸው ላይ ለመንኳቸው። እንዲህ ይላል፦ "ሲሸሽ በቀጥታ ወደ ፋብሪካው በር ይሮጣል። ከቤት አንድ ትልቅ ሰው ጠርቶ ሜዳ ያወጣል። ስሙን ጮክ ብሎ መጥራት አለበት።"

መሮጤን ዕድሜዬን ሙሉ አስታውሳለሁ። ወዴት እንደሮጥኩ ግን ረስቼው ነበር። በሀዲዱ ላይ፣ አንድ ጫማዬ ወልቆ፣ ጡሩምባው ሊነፋ ሲል ፋብሪካው በር ደርሼ፣ ዘበኛው ሲገፈትረኝ በብረቱ መካከል አፌን አስገብቼ ስጮኽ፤ እትዬ አስካለም ከነሽርጣቸው፣ ጥጡ ፀጉራቸው ላይ፣ ከፊቴ ቀድመው ሲሮጡ። አምስቱም ልጆች ሲበተኑ። ሙሌን በአንድ እጃቸው፣ እኔን በሌላው ይዘውን ወደ ቤት ሲመለሱ። ይኼ ሁሉ የት ሄዶብኝ እንደነበር እንጃ። ያለ ምክንያት ሳፍርበት የኖርኩት ነገር ሙሌ ዘንድ በአንድ መስመር ተጽፎ ተቀምጦ ኖሯል።

ተነሣሁና ጋሽ ታደሰን ወደ አሥር እንዲመልሱኝ ለመንኳቸው።

"በቃል አይሆንም" አሉኝ። "በማመልከቻ የወጣ በማመልከቻ ነው የሚወርደው። ምስክርም ያስፈልጋል።"

በለስላሳ ካርቶን ጀርባ ላይ ጻፍኩ። ጉዳዩ፦ ጉልበቴ እንዲቀነስልኝ ስለመጠየቅ። ምስክር ማን አለ ሲሉ ቤቱ በሙሉ እጁን አወጣ። ለጉልበቴ አንድ ሰው ለማግኘት አራት ፎቅ ወጥቼ ነበር፣ ለድካሜ ግን ወረፋ ተያዘ። አንዱ ከዶሮ የሸሸሁበትን ቀን ተናገረ። አንዱ በጥምቀት ሎሚ ሲወረወር ቤት ገብቼ መቀርቀሬን መሰከረ። ጽጌ የሰፈሩ ልጅ ሳትሆን የጀሪካኑን ነገር ከገነት ሰምቻለሁ ብላ ተነሣች፣ የሰሚ ሰሚ ቢሆንም ተቀባይነት አገኘ። በመጨረሻ በላይነህ ወገቡን ይዞ ቆመ። በልጅነታችን፣ ጨዋታው በተጀመረበት ቀን የራሴን ካርድ በፍየሏ ለውጬ ለሱ እንደሰጠሁት፣ እሱም ከዚያ ወዲያ አንድም ጨዋታ ተሸንፎ እንደማያውቅ፣ እስከ ዛሬ ዝም ያለው ካርዴን መልሼ እንዳልጠይቀው ፈርቶ መሆኑን ተናገረ። እኔ ራሴን በፍየል መለወጤን የሰማሁት ያኔ ነው።

ማኅተሙ ተመታ። በየጠረጴዛው ተለጣፊ የሚላጥበት ድምፅ ተሰማ። የበላይነህ ወንድም ካርዱ እኮ ሞቷል ብሎ ሊከራከር ሲል ጋሽ ታደሰ ዱላቸውን አነሡ። የሞተው ሰማንያው ነው፣ አሥሩ ገና አልገባም ብለው ፈረዱ። ቀጥለው ሊወጡ ተስፋ ስላደረጉ ትንሽ ያዳሉ መሰለኝ።

አሥሬን ሜዳ ላይ አስቀመጥኩ። በላይነህ ሊመታ እጁን ሲያነሣ፣ በነፃ ሸሸሁ። ከዚያ ተነሥቼ ቆምኩ። መጀመሪያ አፍሬ ቀስ ብዬ ነበር የጠራሁት፤ ጋሽ ታደሰ ሕጉ ጮክ ብሎ ይላል አሉ። ወደ በሩ ዞርኩ፣ እጆቼን አፌ ላይ ከበብኩ።

"እትዬ አስካለ! ይድረሱ፣ ሙሌን ያዙት!"

 በወዲያኛው ክፍል የነበሩት ሴቶች ማንኪያቸውን እንደያዙ በር ላይ መጡ። በላይነህ፣ ዘጠናው፣ ማንም ሳይነግረው የራሱን ካርዶች ከጠረጴዛው ሰብስቦ ደረቱ ላይ አቀፋቸው። ሙሌ ያቺን የካርቶን ካርድ መሐል ላይ አኖራትና በመዳፉ አስተካከላት። ማንም አልመታም። ማን እንዳሸነፈም እስካሁን አልተጻፈም።

ሙሌ ዐይኑን ከካርዷ ላይ ሳያነሣ፣ "እስቲ ድገመው" አለኝ።

ደገምኩት።